አሥራ ሰባት ሰከንድ

«እንኳን መጡልን! ያውልዎት፣ እሱ ነው ያስቸገረን» አልኳቸው፣ ጣሪያው ላይ ሲጥ ሲጥ የሚለውን ማራገቢያ በጣቴ እያሳየሁ።

ሰውየው በሩ ላይ እንደቆሙ ማራገቢያውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ፤ ቀጥለው ደግሞ በእጃቸው ያንጠለጠሉትን የመሣሪያ ቦርሳ። ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሰዋል። ጠጋኝ ይመጣል ሲባል ሁለት ሳምንት አልፎ ስለነበር ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈልገው አጠፉ፤ ወንበር ስበው ወጡበት፤ መፍቻ አውጥተው አንድ ብሎን አጠበቁ። መልሰው ሲያበሩት ድምፁ የለም። ከዚያ የረገጡትን ወንበር በመሐረባቸው ጠርገው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አኖሩትና ተቀመጡበት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን መሄድ ይችላሉ» አልኳቸው።

«እኔ እንኳ የመጣሁት ንግግር ልማር ነበር» አሉ። «ግን ይህም አይከፋም።»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። «ጎበዝ፣ ሹክሹክታ እንግዳ የምትቀበለው ሥራ እያዘዘች ነው! እኔ የመጣሁ ቀን ወለሉን ባለማስወልወሏ ተመስገን!» አለ ሬዲዮ።

ሹክሹክታ እኔ ነኝ። ሬዲዮ ደግሞ የኢንሹራንስ ሻጩ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። ስሞቹን ያወጣቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን ለሁለታችንም በልካችን የተሰፉ ናቸው። ይቅርታ አልኳቸው፤ ድምፄ ግን ሦስተኛው ረድፍ አልደረሰም። ሰውየውም ችግር የለም ለማለት እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ንግግር ለመለማመድ የምንሰበሰብበት ክበብ አለን፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ሰሌዳው ላይ የልጆቹ የሒሳብ ትምህርት ሳይጠፋ ይቆየናል። እኔ የምሠራው የውኃ ጥራት ላቦራቶሪ ነው። ወደ ክበቡ የመጣሁት አለቃዬ ሦስት ጊዜ የኔን ጥናት በኔ ፊት ራሱ ካነበበልኝ በኋላ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ አራት ንግግር አድርጌያለሁ፤ በአራቱም የተሰጠኝ አስተያየት አንድ ነው፦ «አልተሰማሽም፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚው።» ካልተሰማ መድገም የክበቡ ሕግ ነው።

የፈራሁት ግን ንግግሩን ሳይሆን ግምገማውን ነበር። እያንዳንዱ ሰው ተናግሮ ሲቀመጥ ገምጋሚ ይነሣና ቅጹን ይዞ ጥሩውንና ጉድለቱን ይናገራል። ቅጹ ላይ መግቢያ፣ ድምፅ፣ እጅ፣ ፋታ፣ መዝጊያ የሚሉ መስመሮች አሉ። ይህ ተራ በደረሰኝ ቁጥር አንዴ ራስ ምታት፣ አንዴ የታመመች አክስት እያመጣሁ አምልጫለሁ። የዚያን ምሽት ግን ሊቀመንበራችን ቅጹን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

«ዛሬ አክስት የለችም» አሉኝ። «አዲሱን ሰው የምትገመግሚው አንቺ ነሽ።»

እሺ አልኩ። ከፍርሃቴ በላይ አንድ ጊዜ እንኳ «ለካ ትችላለች» መባል አማረኝ።

ሰውየው ሲጠሩ ተነሥተው ከመናገሪያው ጠረጴዛ ኋላ ሳይሆን ጎኑ ቆሙ። የሊፍት ጠጋኝ መሆናቸውን ነገሩን።

«ገመዱ ቢበጠስ ሊፍቱ ቁልቁል ይምዘገዘጋል ብላችሁ ትፈራላችሁ አይደል?» አሉ። «አይምዘገዘግም። ፍሬን አለው፤ ግራና ቀኝ ሐዲዱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ለባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አስረድቻታለሁ። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ የሰው ሊፍት ስጠግን እውልና ማታ የገበያ ዕቃ ተሸክሜ ከሷ ኋላ ደረጃ እቆጥራለሁ። ‹ፍሬኑስ ቢበላሽ?› ትለኛለች። ‹የምጠግነው እኮ እኔ ነኝ› እላታለሁ። ‹እሱ አይደል ታዲያ የሚያስፈራኝ!› ትላለች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ አንገቴን እንደደፋሁ «መግቢያ፦ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

«አንድ ቀን ግን ወጣችበት» አሉ። «አንድ ቀን ብቻ።»

ዝም አሉ።

እኔ ያኔ ምን አደረግሁ? የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ጫንኩ። ክበቡ የሚያድለው ወረቀት «ፋታ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይበቃል» ይላል። ስድስት። ሰባት። ስምንት። በመጨረሻ ስሕተት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ። ከጎኔ ወንበር ተንቋቋ፤ አንድ ሰው በረዥሙ ተነፈሰ። አሥራ አራት። ቀና አላልኩም። የሰው ፊት ማየት ከልጅነቴ ይከብደኛል፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ጫማ ሰሪ ልታገባ ነው መሰል፣ የሰው እግር ብቻ ነው የምታየው» እያለች ጎረቤት ታስቅብኝ ነበር። አሥራ ሰባት።

«ይኸው ነው» አሉ ሰውየው፤ ተቀመጡም።

ተነሣሁ። በሕጉ መሠረት አስቀድሜ አመሰገንኩ፦ አቋቋማቸው ጥሩ እንደነበር፣ ጨዋታቸው እንደሚያስቅ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ቅጹን እያየሁ ቀጠልኩ።

«ፋታው ግን አሥራ ሰባት ሰከንድ ነበር። በዛ። እኔማ ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መሃል የቆመብን መስሎኝ ነበር።»

ቀልዱ ስጽፍ የመጣልኝ ነው፤ ኮርቼበትም ነበር። ሬዲዮ እንደ ልማዱ «ኸ» ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ዋጠው። ሌላ የሳቀ የለም። እኔም በሰባት ወር የተማርኩትን አደረግሁ። ያልተሰማሁ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መሃል የቆመብን መስሎኝ ነበር!»

ያኔ ቀና አልኩ። የፊት ወንበር ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ በሻርቧ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። ሬዲዮ ጫማውን ያያል። ሰውየው ግን እኔን ነበር የሚያዩት፤ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጉንጫቸው እርጥብ ነው፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ከኔ በቀር፣ ክፍሉ በሙሉ ይህን ፊት ሲያይ ነበር።

«ልክ ነሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ረዝሟል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ነገር እንደ ተረት ነበር የምሰማው። የዚያን ምሽት ወለሉን የምሬን አየሁት። መዝጊያውን ሳልገመግም ወንበሬ ላይ ወደቅሁ። ሰውየው ተነሥተው ቢሄዱ ይሻል ነበር፤ አልሄዱም። የሌሎቹን ሁለት ንግግር በጨዋነት አዳምጠው፣ አጨብጭበው፣ ሲያበቃ ሁላችንንም በእጅ ተሰናበቱ። የኔንም እጅ ጨበጡ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር።

እትዬ ሁሉም ሰው እስኪወጣ ቆይተው በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ባለቤታቸው ከሞቱ ስምንት ወራቸው ነው» አሉኝ። «ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል በአልጋ ሲወስዷቸው ነው በሊፍት የወጡት። የዛሬ አሥር ቀን ልጃቸውን ይድራሉ። በቤቱ ንግግር አዋቂዋ እናትየው ነበሩ። ‹ልጄ ስለ እናቷ ከኔ አፍ እንድትሰማ እፈልጋለሁ፤ አንዴ ሰው ፊት እስከ መጨረሻው ካልኩት ያን ቀንም አያቅተኝም› ብለውኝ ነው የተመዘገቡት። የጥሪ ካርድ ሁሉ ሰጥተውኛል።»

«እትዬ፣ ገምጋሚ ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ ማወቅ የለበትም ስላሉኝ እኮ ነው…»

«ማወቅስ የለበትም። ማየትም የለበትም አልኩሽ?»

ቤት ስደርስ እናቴ «እንዴት ሆነልሽ? ሰሙሽ?» አለችኝ።

«ሰሙኝ» አልኳት።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ እትዬ የጠቆሙኝ ሕንፃ ሄድኩ። የይቅርታ ንግግር ጽፌ በቃሌ አጥንቻለሁ፤ መግቢያ አለው፣ መዝጊያ አለው። ምድር ቤት የሊፍቱ በር ተከፍቶ ቢጫ ገመድ ተወጥሮበታል። ሰውየው ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ከወገብ በላይ ብቻ ይታያሉ፤ ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረዋል።

«ማራገቢያው ደግሞ ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ ሲያዩኝ።

«አይ፣ እኔ… ይቅርታ ልጠይቅዎ…» አልኩ። ያጠናሁት ሁሉ በነነ። «ቀና ብዬ አላየሁዎትም። ሰዓቱን ነበር የማየው። አላወቅሁም ነበር። ባላውቅም ደግሞ…»

«ተይው ልጄ። የኔ ልጅም እንዳንቺው ናት፤ ትንሽ ነገር ከልቧ አይወጣም።» ባትሪውን አጠፉ። «ባትነግሪኝ ኖሮ ሁለት መቶ ሰው ፊት ይኸንኑ አደርግ ነበር። የልጄ ሠርግ ለቅሶ ቤት ይሆንብኝ ነበር።»

«አይደለም! ሁሉም እኮ ወደውት ነበር። ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ።»

«አሥራ ሰባት ነው ያልሽው አይደል? እኔ ሌሊት ብቻዬን ስለማመደው ከዚያም ይረዝማል።» ፈገግ አሉ። «ወንድሜ ይናገርልናል። እሱ ምላሱ የተፈታ ነው። ለልጅቷም ነግሬያታለሁ፤ እሺ ብላለች።»

«ሐሙስ ይምጡ፣ እባክዎ። ከዚያም በኋላ እስከ ሠርጉ ሁለት ቀን አለ። እኔ ባልኖር ይሻላል ካሉ እቀራለሁ።»

«ሐሙስማ ሥራ አለብኝ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ቢሆን ተቀብዬው እሄድ ነበር፤ ደግነታቸውን ግን የት እንደማስቀምጠው አጣሁ። ዓይናቸውን ለማየት ሞከርኩ፤ እሳቸው ወደ መፍቻቸው ጎንበስ ብለዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የወጣው። አልሄድ ስላቸው ቀና አሉ።

«ወደ ላይ ጉዳይ አለሽ? ከፈለግሽ በጎን ያለው ሊፍት ይሠራል።»

«አይ፣ ልወርድ ነው» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«ከዚህ በታችማ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ደኅና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ፤ መንገዱን ስሻገር ጥሩምባ የነፋብኝን መኪና እንኳ አላየሁትም።

ሐሙስ አልመጡም። ወንበራቸው ላይ ሬዲዮ ኮቱን ሰቀለበት።

እሑድ የሙሽራዋ አጎት ተናገረ። እትዬ ሠርጉ ላይ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አጎትየው ጥሩ ተናጋሪ ነው አሉ፤ ሰውን ሲያስቅ ቆየ፣ የእናትየውን ስም አንዴ ጠራ፣ ተጨበጨበለት። አባትየው ልጃቸው አጠገብ ቆመው አጨበጨቡ፤ የድምፅ ማጉያውን ሲያቀብሏቸው በእጃቸው መለሱት። ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ እትዬ የዕለቱን የግምገማ ቅጽ ለልብስ ሰፊዋ ሰጡ፤ ስብሰባውም ተጀመረ።