ዘነዘናና ጋን

ሰው በዘነዘና መታሁ፤ ይቅር አሉኝ። ጭቃ ነካሁ፤ ይኼን ይቅር የሚል ሽማግሌ ግን ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ጠፋ። ኧረ የኛ አገር ሰው ጉዱ!

ታንጉት እባላለሁ። የመታሁት የሟች ባሌን ወንድም ይርሳውን ነው። የባሌ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ በሬውን ጠምዶ ማሳዬ ውስጥ ገባ። በርበሬ እየወቀጥኩ ነበር፤ ዘነዘናውን እንደያዝኩ ወጣሁ። "ይርሳው፣ ከመሬቴ ውጣ!" ስለው "ሴት ምን ታመጣለች?" አለኝ። ያመጣሁትን ትከሻው እስከ ዛሬ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይጠዘጥዘዋል አሉ። እኔም ልጄን ፋናን እህቴ ጋ ትቼ እስር ቤት ወረድኩ።

እዚያ ሥልጠና የሚሉት ነገር አለ። ለሴቶቹ የቀረበው ሹሩባና ሸክላ ነበር። ምረጡ ሲባል ሁሉም ሹሩባ አለ። ነፍስ አጥፍታ የገባችው ዘርትሁን እንኳ ደረቷን ነፍታ "እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ፤ ጭቃ አልነካም!" አለች። ሰው የገደለ እጅ ጭቃ ሲጸየፍ ይታያችሁ! እውነቱን ለመናገር እኔም ሹሩባውን ነበር የፈለግሁ፤ ሞልቷል ሲሉኝ እየተነጫነጭኩ ሸክላ ገባሁ።

አሠልጣኛችን መምህርት ሠርክአዲስ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ገና ወጣት። ጠዋት ማታ "ሙያ አያሳፍርም" ትለናለች። በሆዴ "አንቺ መቼ እኛ ሰፈር ኖርሽና!" እላለሁ። ግን ምን ያደርጋል፣ ጭቃው ወደደኝ። ከእጄ ሥር ከፍ ከፍ እያለ ድስት ሲሆን፣ እንስራ ሲሆን፣ ይኼ እጅ ከመምታት ሌላ ነገር እንደሚችል ያን ጊዜ አወቅሁ። ደስ አለኝ። እስር ቤት ውስጥ ደስ አለኝ ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ።

የምርቃታችን ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ እንግዳ መጣ። አንድ ኃላፊ ተነሥተው "ከእንግዲህ እናንተ ታራሚዎች ሳትሆኑ የልማት ኃይሎች ናችሁ!" አሉ። አጨበጨብን። ሲመሽ የልማት ኃይሉን ቆጥረው ቆለፉበት። ከዚያ በፊት ለኃላፊው የሠራሁትን ምርጥ ድስት አበረከትኩላቸው። ለካ የኛው አገር ሰው ናቸው፤ የፈረስ ቤት ተወላጅ። በሁለት ጣታቸው ያዙና ለሾፌራቸው አቀበሉት፤ ሾፌሩ ለጥበቃው፣ ጥበቃው ለዘርትሁን፤ ዘርትሁን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ድስቴ እንግዳውን ሁሉ ዞሮ ሰላም ብሎ ቤቱ ገባ።

በአመክሮ ወጣሁ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ይርሳው ደጅ ወደቅሁ። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ይዘው መካከላችን ቆሙ። ይርሳው "ይቅር ለእግዜር!" አለና ድንጋዩን ከጫንቃዬ አወረደ፤ ተሳሳምን፤ መሬቴም ተመለሰ። መንደሩ እንዲያውም ኮራብኝ። "ታንጉት እኮ ወንድ ናት!" እየተባልኩ፣ ማኅበር ስሄድ ወንበር የሚለቅልኝ በዛ።

ከዚያ ከቤቴ ጀርባ ጭቃዬን አቡክቼ፣ ድስቱን ደርድሬ ተኮስኩ። ጭሱ ታየ፤ ወሬው ከጭሱ ቀደመ። በሚቀጥለው ማኅበር ወንበሩ ቀረ፤ ጽዋዬንም ለብቻ አደረጉት። እናቶች በደጃቸው ሳልፍ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ፣ በዓይኗ ትበላብናለች ብለው። ቡዳ ተባልኩላችሁ! ድስቴን ሲገዙ ግን ይገዛሉ። ተከራክረው፣ አንኳኩተው፣ ደህና ደህናውን መርጠው ይወስዱና፣ በዚያው ድስት የሠሩትን ወጥ ሲበሉ እንዳላያቸው በራቸውን ይዘጋሉ።

ይኼ ሁሉ ባላንገበገበኝ ነበር። የኔ ጭንቀት ፋና ናት። የሽንዲው የአያ ባምላኩ ልጅ ምስክር ሊያገባት ነገሩ አልቆ ነበር። ትወደዋለች፤ እሱ ሲደውል ፊቷ ነው የሚናገርባት። ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ንጹሕ ተብለናል። መታሰሬንም ያውቃሉ፤ "ማን ያልታሰረ አለ!" ብለው አልፈውታል። የጭቃው ወሬ ሽንዲ ሲደርስ ግን አያ ባምላኩ አባ ገብረ ሕይወትን አስከትለው መጡ።

እህል ቀረበላቸው። አያ ባምላኩ መሶቡ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ አፈጠጡ።

"ታንጉት፣ ሰው መምታት ያጋጥማል፤ የደም ነው። ይኼ ጭቃ ግን ከየት መጣ? ከእናትሽ ነው ከአባትሽ?"

"ከመንግሥት ነው፣ አያ ባምላኩ። ወረቀትም አለው።"

"ወረቀቱን ተይው። እስር ቤት ምን ስትሠሪ ቆየሽ ቢሉሽ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር በያቸው። ይኼን ገል ሁሉ ሰባብረሽ፣ ዳግመኛ ላትነኪ በታቦት ማይና ልጆቹን እንዳር። አለዚያ ልጄን አልሰጥም።"

አባን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው "ለልጅሽ ስትዪ" አሉ።

ፋና ጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በቃ፣ "እሺ" አልኩ።

ዘነዘናውን ከጓዳ አወጣሁ። ለሠርጓ ጠላ ብዬ የሠራሁት ትልቅ ጋን እዚያው ሳሎን ጥግ ላይ ነበር፤ ስንት ጊዜ ተሰንጥቆብኝ እንደገና የሠራሁት። ዓይኔን ጨፍኜ አሳረፍኩበት። ገሉ እግሬ ሥር ሲበተን ጊዜ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት እንዲህ አላለቀስኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ዓይኔ ከአያ ባምላኩ ጋር ገጠመ። ሰውዬው የጎረሱትን ሳይውጡ መሶቡን በጋቢያቸው ከደኑና "በስመ አብ! ዓይንሽን ከእህሉ ላይ አንሽልኝ! ልትበዪኝ ነው?" ብለው ጮኹ።

በገዛ ቤቴ! የገዛ እንጀራዬን እያበላኋቸው! ደሜ ፈላ።

"እኔ በዓይን አላውቅም አያ ባምላኩ! የኔ ይኸውልዎት!" ብዬ ዘነዘናውን አነሣሁ።

ጋቢያቸውን ጥለው በደጁ ተፈተለኩ። ደጅ ላይ የተሰጣ በርበሬ ነበር፤ አንሸራቷቸው በደረታቸው ወደቁበት፤ ተነሥተው በዚያው እጃቸው ዓይናቸውን አሹት። የዚያ ዕለት ጩኸታቸው ሽንዲ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። አባም መስቀላቸውን ይዘው ተከተሏቸው። እኔ አልመታሁም። አመክሮ ላይ ነኝ።

ከሄዱ በኋላ ግን ገሉ መካከል ተቀመጥኩ። ጋኑም ሄደ፣ ሠርጉም ሄደ። ፋና ተሸፋፍና ተኛች፤ "እማ ምን አደረግሽኝ" ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አባ ገብረ ሕይወት መጡ። ፈገግ ብለዋል። ለፋና ማጽናኛ ቃል ይዘው የመጡ መስሎኝ ነበር።

"ባምላኩ ልኮኝ ነው" አሉ። "ዓይኑ አሁንም አልበረደለትም፤ ልቡ ግን ረግቷል። 'አጥንቷ ተገለጠልኝ' ነው የሚል። 'ቡዳ ተደብቆ በዓይኑ ይበላል እንጂ ዘነዘና ይዞ ፊት ለፊት አይመጣም። ይችማ የጨዋ ልጅ ናት። የሠርጉ ቀን ይቆረጥ' ብሏል።"

"ሸክላዬስ፣ አባ?"

"ሸክላሽንማ ሥሪ! ማን ደፍሮ ይናገርሻል?"

ፋና ከመኝታዋ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አቀፍኳት፤ ሳቅሁም። ግን እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጬ፣ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ያከበሩኝ ያንኑ እንጨት ሳነሣ ነው።

አባን ሸኝቼ ገሉን እየጠረግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መምህርት ሠርክአዲስ ናት።

"እትዬ ታንጉት፣ እንደምን ሰነበቱ? ሠልጥነው የወጡትን እየተከታተልን ነው። የሠለጠኑበት ሙያ ጠቀመዎት?"

የጋኑን ስብርባሪ አየሁት፤ መጥረጊያው ሥር ተከምሯል። ዘነዘናው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ባለ ቤት ቆሟል።

"የኔ ልጅ" አልኳት፤ "የጠቀመኝስ የታሰርኩበት ሙያ ነው።"