የሚኮ ጉንፋን

ሚኮ ከፊንላንድ መጥቶ ጎንደር አራዳ፣ እትዬ ብርነሽ ግቢ ቤት በተከራየ በወሩ ጉንፋን ጣለው። በአገሩ የታመመ ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ጎረቤትም ላለመረበሽ ድምፁን ያጠፋል። እሱም በሩን ዘግቶ ተኛ።

ማን ሊያስተኛው! መጀመሪያ እትዬ ብርነሽ ትኩስ አጥሚት ይዘው ገቡ። ጎረቤቱ አያ ቢያዝን ብርቱካን አንጠልጥለው ተከተሉ። ልብስ ሰፊው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀው የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር አልጋውን ከበው ተቀመጡ። "እግዜር ይማርህ" ካሉ በኋላ መሄድ የለ፤ ስለ ዝናቡ ወሬ ጀመሩ። ሚኮ ላብ አጠመቀው።

"ልሞት ነው እንዴ?" አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። "ወግድ! በጉንፋን ማን ይሞታል?" አሉ እትዬ ብርነሽ።

"ታዲያ ምነው መጣችሁ?"

"ታመህ ነዋ!"

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ሚኮ ከማክሰኝት ገበያ ሲመለስ፣ እትዬ ብርነሽ ባዶ ሳህን ይዘው ከአያ ቢያዝን ቤት ሲወጡ አገኛቸው።

"እግራቸውን ወለም ብሏቸው ተኝተው ሰነበቱ። አሁንስ ተሽሏቸዋል" አሉት።

ሚኮ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሮጦ ብርቱካን ገዛና ሳያንኳኳ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ።

"አያ ቢያዝን፣ ምነው ሳይነግሩኝ? እኔ ሰው አይደለሁም?"

አያ ቢያዝን ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

"አጠፋሁ ልጄ" አሉ።