የጫጩቷ ልመና

«ይቅርታ! ይቅርታ በቃ! ሁለተኛ አይለምደኝም!»

አክስትየዋ ወጥ ቤት ሆና ይህን ስትሰማ ከብርጭቆዎቿ አንዱን በልቧ ቀነሰች። «ደግሞ ምን ሰበርሽ? ባለሽበት ቁሚ፣ እግርሽን ይቆርጥሻል!» እያለች መጥረጊያ ይዛ ሮጠች።

ሳሎን ውስጥ የተሰበረ ነገር የለም። የእህቷ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሚጢ፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ታብሌቱ ላይ ተደፍታለች።

«እና ማንን ነው ይቅርታ የምትይው?»

«እሷን።» ታብሌቱ ላይ ያለውን ጨዋታ ጫጩት አሳየቻት። «ልዘጋት ስል ሆዷ ባባ። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ አክስቴ። ብቻዋን ናት።»

«ሥዕል እኮ ናት። ዝጊያትና ተነሽ።»

ሚጢ መዝጊያውን ነካች። ጫጩቷ ክንፏን አጥፋ፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረች፦ «ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው? እኔስ ከማን ጋር ልሁን?»

አክስትየዋ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈችው። በማሽን አቅጥነውት እንጂ ድምፁ የራሷ የአክስትየዋ ነው።

በድምጿ የምትተዳደር ሴት ናት። የጥርስ ሳሙና ታስተዋውቃለች፤ ባንክ ሲደወል «እባክዎ ይጠብቁ» የምትለውም እሷ ናት። ባለፈው ወር የልጆች ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ጠርተዋት፣ መጀመሪያ «ደህና ዋይ፣ ነገ እንገናኝ» ብላ ቀድታላቸው ነበር። ያንን ለሙከራ የሰሙ ልጆች እነሱም ደህና ዋይ ብለው ዘጉ። ሥራ አስኪያጁ አልወደደውም።

«አንጀት የሚበላ ነገር አምጪልኝ» አላት። «ለቅሶ አይሁን። ለቅሶ ሊጀምር ሲል ያለችዋን ቅጽበት ነው የምፈልገው።»

ዘጠኝ ጊዜ አስደገማት። በአሥረኛው ደክሟት፣ ከምታውቀው ነገር አንዱን አለች። ሥራ አስኪያጁ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ማዶ አውራ ጣቱን አነሳላት።

«ስሚኝ የኔ እመቤት» አለች አሁን፣ ተንበርክካ። «እሷ እኔ ነኝ። ድምፄን ቀድተውት ነው። ማንም አላዘነም።»

ሚጢ አንዴ ጫጩቷን፣ አንዴ አክስቷን አየች። «ይሄንን እኮ እኔ ነኝ ያልኩት። ለእማዬ። እዚህ ትታኝ የሄደች ቀን፣ በር ላይ።»

ያን ቀን ከልጅቷ ኋላ ቆማ ትከሻዋን የያዘቻት አክስትየዋ ነበረች።

«ያልኩትን ሰጠሻቸው?»

«ሥራ ነው፣ ሚጢ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።»

«ሁሉም ልጆች ይሰሙታል?»

«አዎ።»

«ማታ ማታ 'እኔ አለሁልሽ' የምትይኝስ? እሱም ሥራ ነው?»

«ኧረ እሱማ እውነት ነው!»

«ድምፅሽ ግን ያው ነው» አለች ሚጢ።

ታብሌቱን ዘጋችው። ጫጩቷ ስትለምን ዞር ብላም አላየቻት። አክስትየዋ ኮሌታዋን ልታስተካክልላት እጇን ስትዘረጋ፣ ልጅቷ ቀድማ ራሷ አስተካከለችው፤ በሩንም ራሷ ከፍታ ወጣች።

ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለ።

«እህቴ፣ አፍሽ ወርቅ ነው! ልጆቹ መዝጋት አቅቷቸዋል። እንደዚያ ያለ አምስት ጨምሪልን።»

አልመጣም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው «ስንት ሰዓት ልምጣ?» የሚል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሄዳ አምስቱንም ቀዳች።