የመጀመሪያው ረድፍ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ የራሱን ስህተት በማሽን ሲያላክክ ስለሚያናድደኝ ነው።

የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት መቱ ከተማ መጥተው ሞራ ሊገፍፉ ነበር። ከአሥራ አራት ቀበሌ የተመዘገቡት ሰዎች ስም ዳታቤዝ ውስጥ ገብቷል። የኔ ድርሻ ፕሮግራሙ የየቀበሌውን ሰው ስም ከዳታቤዙ ጠይቆ፣ በተመዘገቡበት ተራ በዝርዝር እንዲያትም ማድረግ ነበር። መሰረት ለዚህ ምን አላት ተባልኩ፤ እኔም ተኩራርቼ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

ዳሪሙ ውስጥ ጋሽ ፈንታው የሚባሉ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬ አሉ። ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶት የባለቤታቸውን የእትዬ ስንቄን ፊት ካዩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እትዬ ስንቄ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ሽማግሌው ሳትቀድመኝ አንዴ ልያት ብለው፣ ሳይነጋ የሚስታቸውን የነጠላ ጫፍ ይዘው በእግር ሄዱና ከቀበሌያቸው ሰው ሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ።

ዝርዝሩ ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ ኪቲላ ሕዝቡን ሰብስቦ አነበበው። የጋሽ ፈንታው ስም የለም። ቀዳሚው እኔ ነበርኩ ቢሉት፣ ከመቱ የመጣው እንዲህ ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ አይሳሳትም አላቸው። ሽማግሌው ሳቅ ብለው፣ «ቀድሞ የወጣ ጆሮን ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እኔ ያወቅኩት ሐኪሞቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሪፖርት ስሠራ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ሦስት መቶ ስድስት ሰው አለ፤ በታተሙት ዝርዝሮች ላይ ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት። አሥራ አራት ጎደለ። ከየቀበሌው አንድ ሰው፣ እሱም የመጀመሪያው።

ዳታቤዝ መልሱን በአንዴ አይዘረግፍም። «ቀጣዩን» ባሉት ቁጥር አንድ ረድፍ ያቀብላል፤ ተቀብለው ዝርዝሩ ውስጥ ካላስቀመጡት ያ ረድፍ ተመልሶ አይመጣም። እኔ መልስ መኖር አለመኖሩን ለማየት ብቻ አንዴ «ቀጣዩን» አልኩ። መኖሩን ሳውቅ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ግን ስጀምር እንደገና «ቀጣዩን» ብዬ ነው። መቱ ውስጥ ቧንቧ መምጣቱን ለማየት የመጀመሪያውን ውኃ መሬት ላይ እንደምንለቀው ሆነ። ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በራሴ አፈርኩ።

አሥራ አራቱንም ቤት ለቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ዳሪሙ ስደርስ ጋሽ ፈንታው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እትዬ ስንቄ አጠገባቸው በቆሎ ይፈለፍላሉ። መሬት መሬቱን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ስንቄ አልተቆጡኝም፤ ከበቆሎው አፍሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሐኪሞቹ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሳሉ፣ ያኔ ቀዳሚው እርስዎ ነዎት አልኩ። ጋሽ ፈንታው ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው መልሰው፣ «ለኔ መቆየቱ አይከብደኝም ነበር» አሉ።

እትዬ ስንቄ በአራተኛው ወር አረፉ።

ሐኪሞቹ ሲመለሱ ዝርዝሩ በጋሽ ፈንታው ጀመረ። በማግስቱ ፋሻቸው ሲነሳ አጠገባቸው ነበርኩ። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ያን ቀን ቤታችን የመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው አይተሻታል። መታወቂያዋ ላይ ያለው ፎቶ የጎልማሳነቷ ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ከስታ ነበር?»

ደጃፉ ይታየኛል፤ በቆሎው ይታየኛል፤ የሳቸው አሮጌ ጫማ ይታየኛል። ከዚያ በላይ ምንም የለኝም።

«አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ጋሼ» አልኳቸው። «እጃቸውን ብቻ ነው ያየሁት።»

ተጠግተው ተቀመጡ። «እሺ» አሉ፤ «እጇን ንገሪኝ።»