የድንጋዩ ሆድ

በላሊበላ ዙሪያ ደልዳላ መሬት ያለው ሰው ተኝቶ አያድርም። ድሮ እንቅልፍ የሚነሳው ድንበር ገፊ ጎረቤት ነበር፤ ሚሌኒየሙ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ግን ኳስ ሆነ። አዎ፣ ኳስ! ነፋስ የተሞላ ቆዳ ሰውን ከአባቱ ማሳ ይነቅላል ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ቡድን ተንፏቆ ተንፏቆ ብሔራዊ ሊግ ገባ። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኛ ሆኑ፣ ማሊያቸው ላይ ስማቸው ተጻፈ፤ ሜዳ ግን የላቸውም። እንግዳ ቡድን ሲመጣባቸው እንኳ ወልድያ ወርደው ነው የሚያስተናግዱት። በመጨረሻ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ እስከ ሰኔ የስታዲየም ቦታ ካላሳያችሁ ከሊጉ ትወጣላችሁ የሚል። ወዲያው ቦታ መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። ታዲያ በዚህ ተራራ አገር ሳይወጡና ሳይወርዱ መቶ እርምጃ የሚሄዱበት ስፍራ ከየት ይምጣ? አንዱ ታቦት የሚያድርበት ነው፣ አይነካም። ሌላው ገደል አፍ ላይ ነው፤ ኳሱ አንዴ ከወጣ ተከዜ ካልሆነ የሚያቆመው የለም። ኮሚቴው ሲዞር ከርሞ ከነአኩቶ ለአብ መንገድ በታች ጋሻ ሜዳ ደረሰ፤ መሐንዲሱም ባለሦስት እግር መነጽሩን ተክሎ ፈገግ አለ።

ጋሻ ሜዳ የደግሰው ነው። ደግሰው በክረምት ገበሬ፣ በበጋ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ እጁ የማያርፍ፣ አንደበቱ የማይፈታ፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው። መሐንዲሱ "ተፈጥሮ ራሷ ያደላደለችው ቦታ!" ብሎ ሲያደንቅ ሰማና ደሙ ፈላ። የምን ተፈጥሮ! ያ መሬት የፍየል መንደርደሪያ ነበር። አባቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ለቅመው፣ እርከን ክበው፣ አፈር በጀርባቸው ተሸክመው ነው ሜዳ ያደረጉት። የሞቱትም እዚያው ነው፤ የመጨረሻውን እርከን ሲክቡ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፣ አልተነሱም።

"ካሳ ይከፈልሃል፤ ልማት ነው፤ ከተማው ቀና ሊል ነው" አሉት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አዝመራው።

"ከተማው ቀና እንዲል እኔ ልጎብጥ?" አለ ደግሰው። በሕይወቱ ለሹም ከተናገረው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። እነሱ ግን ረቡዕ ችካል ይዘው እንደሚመጡ ነግረውት ሄዱ።

እንግዲህ ላሊበላ ላይ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ከመሬት ውስጥ የጥንት ጥርብ ድንጋይ ከወጣ አካፋም ዶማም ይቆማል። ደግሰው ከበጎቹ ጋጣ ኋላ ተቀምጦ ከቀዩ ድንጋይ አንድ መስቀል ጠረበ። የጥንቱን አጠራረብ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን ሲያየው የኖረው ነው። ከጨረሰ በኋላ አንዱን ክንድ በመዶሻ ሰበረው፣ በጥላሸት አሸው፣ ፍግ ውስጥም ቀበረው።

"ኧረ በላሊበላ ይዤሃለሁ! በመስቀል ይቀለዳል?" አለች ሚስቱ ወለተ ሐና።

"ቀልድ አይደለም፣ መሬት ነው።"

"ማንን ልትጎዳ ነው ግን?"

"ማንንም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ይሄዱልኛል፤ እዚያ ያለው ጠጠር ነው" አላት። ጠይቆ ያረጋገጠው ነገር ግን አልነበረም። እሑድ ከሰዓት አገሩ ሁሉ የወልድያውን ጨዋታ ለመስማት ሬዲዮ ከቦ ሲጮህ፣ እሱ ብቻውን ጋሻ ሜዳ መሐል ጉድጓድ ምሶ ድንጋዩን ቀበረው።

ረቡዕ ኮሚቴው ሲመጣ ደግሰው ጥማድ ጠምዶ እያረሰ ጠበቃቸው። ጥማዱ የሱ ብቻ አይደለም። ቡሬ የሱ ነው፣ ጉራቻ ግን የየሻረግ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ስላላቸው መቀናጆ ናቸው፤ በሬዎቹን አቀናጅቶ የሱንም የሷንም ማሳ የሚያርሰው እሱ ነው። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተለዋወጡም።

ማረሻው ቋ! አለ። "ወየው፣ ማረሻዬ!" ብሎ ጮኸ ደግሰው። አጯጯኹ ለራሱም አስጠላው፤ ግን ማን ልብ ብሎት! አፈሩ ሲገለጥ መስቀሉ ታየ። በኮሚቴው የቤተ ክህነት ወኪል የሆኑት መምሬ ገብረ ሊባኖስ፣ የደግሰው የንስሐ አባት፣ ጉልበታቸው ጭቃ ነካ አልነካ ሳይሉ ተደፍተው ተሳለሙት። ከመንገድ ላይ ሴቶች እልል አሉ። መሐንዲሱ የመነጽሩን እግር አጠፈ። መምሬም ነጠላቸውን አውልቀው ድንጋዩን አለበሱትና "ሊቃውንቱ ከአዲስ አበባ መጥተው እስኪያዩት ድረስ እጅ እንዳይነካው! እንዳይገለበጥ!" ብለው አዘዙ።

'እንዳይገለበጥ' የሚለው ቃል ከደግሰው ጆሮ አልወጣም። ሆዱስ? የድንጋዩ ሆድ?

አባቱ ያስተማሩት ወግ አለ። ድንጋይ ጠርበህ ስትጨርስ ከመሬት ጋር በሚነካካው በኩል፣ በሆዱ፣ ሦስት ጭረትና አንድ ነጥብ ታደርግበታለህ። "ፊቱን ሰው ያየዋል፤ ሆዱን የሚያየው እግዜር ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት በለው" ይሉ ነበር። ደግሰውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወፍጮው፣ በገንዳው፣ በደጃፉ ድንጋይ ሁሉ ላይ ምልክቷን አድርጓል። አገሩ ሁሉ ያውቃታል። በዚህኛውስ? አድርጎ ይሆን? ቢያስበው ቢያስበው ትዝ አይለውም።

ከዚያ ወዲያ ደግሰው ሰው አልሆነም። "አይተሽ ይሆን?" ይላታል ወለተ ሐናን። "እኔ ምኑን አይቼ! ፊቴን አዙሬ አልነበር?" ትለዋለች። ተነስቶ የደጁን ገንዳ ይገለብጣል፤ ምልክቷ አለች። የመጅ ማስቀመጫውን ይገለብጣል፤ አለች። የጎረቤት ደረጃ ሥር እጁን አስገብቶ ሲዳብስ "ምን ጠፋህ?" ይሉታል። አንድም የዘለላት ድንጋይ የለም፤ እጁ ሳያስብ ነው የሚሠራት። ሄዶ ድንጋዩን እንዳያይ ቀበሌው ዘበኛ አቁሟል፣ ሴቶቹም ጧፍ እያበሩ ከሥሩ አይጠፉም፣ አፈሩንም ለበሽተኛ እየዘገኑ ይወስዳሉ። እህል አልወርድ አለው፤ ሲቀመጥ መቆም ያምረዋል፣ ሲቆም መሄድ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለውን ያስታውስና ላብ ያጠምቀዋል።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አንድ ቀን ወለተ ሐና ከገበያ እንደ ደረሰች ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ "ሰማህ? ሁለተኛው ቦታ ተመረጠ" አለችው።

"አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ።"

"ምን አውሮፕላን! ማዶ ነው። የየሻረግ ማሳ።"

ደግሰው ወደ ማዶ ተመለከተ። የየሻረግን ማሳ እሱ ራሱ ነው አርሶ አርሶ ያለሰለሰው። መሬቷን ካጣች ኮን ከተማ ወዳገባችው ልጇ መሄዷ ነው፤ ጉራቻም ቅዳሜ ገበያ መውጣቱ ነው። አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ፣ እንዴት ሊሆን? "እንግዲህ ካሳ ይከፈላታል፤ ልማት ነው" አለ። የአቶ አዝመራው ቃል ከገዛ አፉ ሲወጣ ሰማውና ደነገጠ። ወለተ ሐናም ሰምታዋለች፤ ዘንቢሏን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ግንቦት ሃያ አንድ ቀን፣ በማርያም፣ የሻረግ ጋሻ ሜዳ መጣች። ጫማዋን ከእርከኑ ላይ አውልቃ ከድንጋዩ ፊት ተንበረከከች። ደግሰው ከበስተኋላዋ ቆሟል።

"የማላውቅህ ቅዱስ ሆይ" አለች፣ ድምጿን ሳትደብቅ፤ "የደግሰውን መሬት እንዳተረፍክ የእኔንም አትርፍልኝ። ጃንጥላ አገባልሃለሁ። ጉራቻን ሸጬም ቢሆን አገባልሃለሁ።" ነጠላውን ገልጣ ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ሳመችው። ስትነሳ ደግሰውን አየችውና እንባዋን ጠረገች። "አንተ የታደልክ ነህ፤ ቅዱሱ ከመሬትህ ወጣልህ። ለእኔም ለምንልኝ፣ ወንድሜ።"

"እሺ እታለም" አላት። ሌላ ምን ይበላት! ጫማዋን አድርጋ ስትሄድ እግሩ ስር ያለው መሬት የሱ መሆኑ አስጠላው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኮሚቴው ማዶ ተሰበሰበ፤ መሐንዲሱ መነጽሩን ተከለ፣ አቶ አዝመራው ቃለ ጉባኤውን ይዘው የየሻረግን ጣት ቀለም ሊያስነኩ ነው። በዚያ ሰዓት ከወዲህኛው ማሳ ጩኸት ተነሳ። "ያዙት! ደግሰው መስቀሉን ሰረቀ! ኧረ በሕግ!" ደግሰው ድንጋዩን ከነነጠላው ተሸክሞ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ዘበኛው ከኋላው፣ ጧፍ የያዙ ሴቶች ከዘበኛው ኋላ። ወንዙን ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ተሻገረና እያለከለከ ከኮሚቴው መሐል ድንጋዩን አወረደው።

"አብደሃል እንዴ?" አሉ መምሬ ገብረ ሊባኖስ።

"አባቴ፣ የእኔ ሥራ ነው። እኔ ነኝ የጠረብኩት፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

"ውሸታም!" አለ አንዱ ከሕዝቡ። "ሊቃውንቱ መጥተው መሬቱን በአጥር እንዳያስከልሉበት ፈርቶ ነው!" ሌሎቹም እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። አቶ አዝመራው "ማስረጃ አለህ?" ብለው ጠየቁት።

ማስረጃ! ከወር በፊት ምልክቷ እንዳትኖር ነበር ጠዋት ማታ የሚጸልየው። አሁን እጁን ከድንጋዩ ሥር ሲያስገባ "ጌታዬ፣ በስንቱ የሠራኋት፣ በዚህም ሠርቻት ልሁን" አለ በልቡ። ገለበጠው። አፈር ነው። በእጅጌው ጠረገው።

ሦስት ጭረትና አንድ ነጥብ።

 መጀመሪያ የተናገረችው የሻረግ ናት። "የእኔ ወፍጮ ሆድ ላይ ያለችው ናት" አለች በቀስታ። ከዚያ ወደ ደግሰው ዞረች። "ትናንት ስስመው ታየኝ ነበር?"

"አይሽ ነበር።"

"'እሺ እታለም' አልከኝ።"

"አልኩሽ።"

ነጠላዋን አስተካክላ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። ደግሰውን የበሩ ድምፅ ከሕዝቡ ስድብ ይበልጥ አመመው።

አቶ አዝመራው "ፖሊስ ይጠራ!" ብለው ጮኹ። መምሬ ግን "ሳልመረምር የተሳለምኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከታሰረ እኔም ልታሰር" ብለው መንገዱን ዘጉባቸው። ሽማግሌ ገባ፣ ተለመነ። በመጨረሻ ደግሰው ጋሻ ሜዳን ያለ ክርክር ሊለቅና የስታዲየሙን የመሠረት ድንጋይ በነጻ ሊጠርብ ተስማማ፤ መምሬም ለኃጢአቱ የአርባ ቀን ጾምና ስግደት ጨመሩለት። የመሠረቱን ድንጋይ ሲጠርብ መሠረቱን ሊጥል የሚመጣውን እንግዳ ሹም ስም አሳምሮ ቀረጸ። መሠረቱ በተጣለበት ቀን አቶ አዝመራው "እስቲ ሆዱን ገልብጡልኝ" አሉ፤ ተገለበጠ፤ ምልክቷ አለች። "እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ ደግሰው። ሕዝቡ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

የሰኔ ዝናብ ጣል ጣል ማለት ሲጀምር ጠዋት ላይ በሩ ተንኳኳ። የሻረግ ጉራቻን በገመድ ይዛ ቆማለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

"ቀንበሩን አውጣ" አለችው።

"እታለም..."

"ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ገና አልበረደልኝም። ዝናብ ግን የሰው ሆድ እስኪበርድ አይጠብቅም። የእኔን ማሳ በእኩል ታርሳለህ፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን።"

ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ቡሬን ፈትቶ ተከተላት። መንገዱ ሁለት ከሚሆንበት ሲደርሱ ቡሬ እንደ ልማዱ ወደ ጋሻ ሜዳ ታጠፈ። ደግሰው ገመዱን ጎተተ፤ በሬው እምቢ አለ፤ የስታዲየሙ የሽቦ አጥር ድረስ ሄዶ ቀንበር እንዲጫንለት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ከሽቦው ወዲያ ያልታረሰው መሬት ሳር አብቅሏል፣ ከመሐሉም የመሠረት ድንጋዩ ብቻውን ተተክሏል።

"ና ቡሬ" አለ ደግሰው፤ "የእኛ አይደለም።"  ጅራፉን ሊያነሳ ሲል የሻረግ ክንዱን ያዘችው።

"ተወው" አለችው። "ትንሽ ይቁም።"

አራቱም አጥሩ ሥር ቆሙ። ዝናቡ ሲበረታ በሬዎቹን ይዘው ወደ ማዶ ተሻገሩ።