የመሪጌታ ፎቶ ከነሻማው

እኔ የሺወርቅ በደባርቅ ከተማ ንባብ ክፍል ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። መጽሐፍ ሲጠፋ ማን እንደወሰደው ከሰውየው አረማመድ አውቃለሁ። አንባቢ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ ምን እንደፈለገ ሳይነግረኝ ከመደርደሪያው አወርድለታለሁ። እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው እንግዲህ ኢንተርኔት ተማሪ ያሏት።

ያለኝ ኃላፊዬ ደምለው ነው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ፊት ለፊት ግን አቶ ደምለው፣ እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ የሚቆጣኝ ስለሌለ ደምለው ብቻ ልበለው። አንድ ጠዋት መጥቶ ባዶ ወንበሮቼን እያየ ከንፈሩን መጠጠ።

"ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ሰው አሁን በስልኩ ካልጠሩት አይመጣም" አለኝ። "አሰልጣኝ እናመጣልዎታለን። በወሩ መጨረሻ አርብ ራሴ መጥቼ አያለሁ። አንባቢ ጠርተው ካገኘሁዎት ይቀጥላሉ። ካልሆነ ግን ዳባት ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ይፈልጋል።"

ዳባት ደግ አገር ነው፤ እናቴም የዳባት ልጅ ነች። ግምጃ ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። የተሰበረ ወንበርና የዛገ ካዝና የተቆለለበት፣ ሰው ዝር የማይልበት ክፍል ነው። እኔ ሰው ሳላይ ልውል? ሳምንት ሳይሞላኝ ከወንበሮቹ ጋር እጣላለሁ።

አሰልጣኟ ትሕትና ትባላለች፤ ከጎንደር ነው የመጣችው። የዋህ ልጅ ነች፤ ግን ስትናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

"እትዬ የሺ፣ ስልኩን አይጫኑት፣ ነካ ብቻ ያድርጉት።"

"ነካ ነው ያደረግሁት።"

"እንደ ሊጥ እኮ ነው የሚያሹት።"

ተናድጄ እንደገና ነካሁት። ስልኩ ጮኸና አዲ አርቃይ ያለው ወንድሜ ባርናባስ በምስል ብቅ አለ። ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጧል፤ ግማሽ ጢሙ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። "ምን ሆንሽ? ማን ታመመ?" ይላል። እኔ እንዴት እንደሚዘጋ አላውቅም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ባርናባስ ከመሳቢያው ውስጥ "የሺ! የሺ!" እያለ ሲጣራ ትሕትና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

ለማንም አትንገሩ እንጂ፣ ሰነባብቶ ስልኩን ወደድኩት። የሚያናድደው እሱ ነው። ስለ ዋልያ ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። ስለ ጥንት ብራና ጠየቅሁት፣ የማላውቀውን ነገረኝ። እንደ ልጅ እፈነድቃለሁ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል፤ ይሄ ሁሉ እዚህ ውስጥ ካለ፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጉም፣ ማን እኔ ጋ ይመጣል? ጠዋት ስልኩን እረግማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ምሳዬን ረስቼ እነካካዋለሁ። ባሌ ቢራራ "ሌላ ሰው አገባሽ እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ።

ትሕትና ለንባብ ክፍሉ ፔጅ የሚሉትን የኢንተርኔት ገጽ ከፈተችልኝ፤ ከተማው ሁሉ እንዲያየው ደባርቅ ላሉ ወዳጆቿ ላከች። ፎቶ ማስጌጥም አስተማረችኝ። ከዚያ "በርቱ" ብላኝ ወደ ጎንደር ተመለሰች። ከእኔ የሚጠበቀው ለአርብ ሰው መጥራት ብቻ ነው።

መላውን አገኘሁት። ከአንባቢዎቼ ሁሉ የሚበልጡት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ግማሹ ከተማ እሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ነው ፊደል የቆጠረው። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢወርድ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። የዓመቱ አንባቢ ብዬ ብሸልማቸው፣ አርብ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ሰው ግር ብሎ አይመጣም? ለሰኞ ንባባቸው ሲመጡ ፎቶ አነሳኋቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ በድንገት ላስደስታቸው ፈልጌ ነው። እሳቸውም "ለንግሥ ተራራው ላይ ወደ ቡይት ራስ እወጣለሁ፣ አርብ እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ። ስልክ የሚባል ነገር አይዙም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። ስልኩ የፎቶ ክፈፍ በያይነቱ አቀረበልኝ። ፊኛ ያለበት አለ፤ ለመሪጌታ ፊኛ ነውር ነው። ልብ ያለበት አለ፤ እሱ ይብሳል። ከዚያ አንድ የተከበረ አገኘሁ። ዳርዳሩ ጥቁር፣ ጥግ ላይ ነጭ አበባ፣ ከሥር ደግሞ የበራ ሻማ። ሻማ ብርሃን ነው፣ ንባብም ብርሃን ነው ብዬ ደስ አለኝ። መሪጌታ መሐል ላይ ሆነው ሲታዩ እንባዬ መጣ፤ እንዲህ ያማሩበት ቀን የለም።

ጽሑፉን ደግሞ እንደ ወጉ ጻፍኩት። እኛ አገር የተከበረ ሰው ሲጠራ ከትውልዱ ተነስተን፣ ምግባሩን አወድሰን ነው ወደ ጉዳዩ የምንደርሰው። ዘው ብሎ ወደ ነገሩ መግባት ያልተማረ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ "አባታችን መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በደባርቅ ተወልደው፣ በቅኔ ቤት አድገው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለትውልድ ብርሃን ሆነው የኖሩ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ..." እያልኩ ወረድኩ። ሽልማቱንና የአርቡን ጥሪ መጨረሻ ላይ አሳምሬ አስቀመጥኩት። ስልክ ግን ወግ አያውቅም። ለሰው የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ብቻ ነው፤ የቀረውን "ተጨማሪ" ከምትል ቃል ጀርባ ይደብቀዋል። ይህን ትሕትና አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ እኔ ያን ጊዜ ከመሳቢያው ጋር እየታገልኩ ነበር።

ሻይ እስክጠጣ ድረስ ስልኩ ሲንጫጫ ቆየ። ይሄ ሁሉ ሰው! ግማሹ እንባ የምታፈስ ፊት ልኳል፤ በደስታ አልቅሰው ነው ብዬ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ግማሹ እጅ ነስቷል። ወጣቶቹ ደግሞ አር፣ አይ፣ ፒ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈዋል። የዘመኑ ሙገሳ መሆን አለበት፤ ልጆቹ ሁሉንም ነገር ያሳጥሩታል። ትሕትና ለጻፈልሽ ሰው መልስ መስጠት ክብር ነው ብላኛለችና ለእያንዳንዳቸው "ለአንተም እንዲሁ ያድርግልህ"፣ "ለአንቺም እንዲሁ ያድርግልሽ" እያልኩ መለስኩ። ጣቴ እስኪዝል መለስኩ። ከዚያ መብራት ሄደ፣ ኔትወርክም ተከትሎት ሄደ። እኔ እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ።

አርብ ጠዋት አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ላይ ሰፈር ይጎርፋሉ። ጎረቤቴ አበባየሁ ዓይኗ አብጧል።

"ማን ሞተ?" አልኳት።

ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንቺው አይደለሽ ያረዳሽን? ደግሞ ቀሚስሽ።"

"እኔ ማንን ነው ያረዳሁት?"

"መሪጌታን ነዋ።"

ያ ሻማ፣ ያ ጥቁር ዳር፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ለካ ነፍስ ይማር የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ባንድ ጊዜ ገባኝ። በመንደሩ መሐል ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በአዲስ ጫማ።

ከመሪጌታ ደጅ እድሩ ድንኳኑን ተክሏል። ንፍሮው ቀርቧል። ደምለው ጥቁር ኮቱን ለብሶ መሐል ላይ ቆሞ "እኚህ ታላቅ አባት" እያለ ይናገራል።

"አልሞቱም፣ ቡይት ራስ ናቸው!" አልኩ።

ድንኳኑ ከንፈሩን መጠጠ። ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አስቀመጡኝ። "አንባቢዋ ነበሩ፤ አላምን ብላ ነው" አለች አንዷ።

"ሰዎች፣ ስሙኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ አውቃለሁ።"

"አዎ፣ አንቺ ነሽ የነገርሽን። በርቺ።" ውኃ ሰጡኝ።

"አስከሬኑን ያየ ሰው አለ?" አልኩ ተናድጄ።

"ከቡይት ራስ በመኪና እየመጣ ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ፣ የዓይን ምስክር ይመስል። ከጎኑ ያለው ገደል ገብተው ነው አለ፤ ሌላው አይደለም፣ ልባቸው ነው አለ። ደምለው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ይጽኑ። የዛሬው ግምገማ በሐዘን ምክንያት ተላልፏል" አለኝ።

አስከሬኑ እውነትም በመኪና መጣ። ገብስ ከጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መጣ፤ ሾፌሩን አመሰገነና በገዛ እግሩ ወረደ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ በዚያ ግርግር እኔ እንኳ ልብ አላልኳቸውም። ድንኳኑን ሲያዩ ደንገጥ ብለው ጎንበስ አሉና ገቡ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉ፤ ጥግ ላይ ቦታ ተለቀቀላቸውና ተቀመጡ። ንፍሮ ሰጧቸው። ጥቂት ቆረጠሙና ወደ አበባየሁ ዘወር ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።

"ማን ነው ያረፈው?"

አበባየሁ ዓይን ዓይናቸውን እያየች "እርስዎ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በወጉ መናገር አልችልም። የሚጮህ አለ፣ የሚያማትብ አለ፣ ጉልበታቸውን የሚስም አለ። አንዱ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይስቃል፤ ሌላው በድንኳኑ ጀርባ ሸራውን ገልጦ አምልጧል። እኔም በመሐል ስቄ ነበር፤ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ሳቄን ዋጥኩ።

ደምለው ስልኩን አወጣ። "ተጨማሪ" የምትለዋን ነካና እስከ መጨረሻው ድረስ ጮክ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ጆሮው ቀልቷል፤ ንግግር ሲያደርግ የቆየው እሱ ነዋ።

"አንባቢ ይጥሩ ስንል ሰው ይግደሉ አላልንም" አለ። "ሰኞ ዳባት ሪፖርት ያድርጉ።"

ብዙ የምለው ነበረኝ። እኔ ለመቆጣት ሰው የማልለምን ሴት ነኝ። ግን የታየኝ ያ ክፍል ነው፤ የዛገው ካዝና፣ ዝምታው። "መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ላስደስትዎ ነበር" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

መሪጌታ ከደምለው እጅ ስልኩን ተቀበሉ። አራቁት፣ አቀረቡት። "ሻማው ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ድንኳኑን ዞረው አዩት። "ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?"

"አዎ፣ አባታችን።"

"ለመሸኘት?"

"አዎ።"

"ጽሑፉ አርብ ወደ ንባብ ክፍል ኑ ነው የሚለው። ዛሬ ደግሞ አርብ ነው።" መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። "በሉ ሸኙኝ።"

እሳቸው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆነን ወረድን። ነጠላው እንደተዘቀዘቀ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ቀብር መስሏቸው ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሟቹ በእጃቸው ሰላም ሲሏቸው ግን ኮፍያቸውን መልሰው ማድረግ ረሱ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ክፍሉ ሞላ። ወንበሮቹ ሞሉ፣ መስኮቶቹ ሞሉ፣ የእድሩ ልጆች አግዳሚዎቹን ከድንኳኑ ተሸክመው አመጡ። አንዱ ንፍሮውን ይዞ መጽሐፍ ሊያነሳ ሲል "እጅህን ታጠብ!" ብዬ ጮህኩበት፤ ያን ጊዜ ራሴን መልሼ አገኘሁት። አበባየሁ ፊደል ከቆጠረች ወዲህ መጽሐፍ ይዛ አይቻት አላውቅም፤ ጥግ ላይ ስለ ንብ ማነብ የሚለውን ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ መቀመጫ ሲያጣ የራሴን ወንበር ሰጠሁትና ቆምኩ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለካ ያ የምረግመው ስልክ የሰው ጠላት አልነበረም።

ደምለው በሩ ላይ ቆሟል። መግቢያም መቀመጫም አላገኘም። መሪጌታ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ "ደምለው፣ ብርሃኑን ከልለኸናል" አሉት። እሱም ፈቀቅ አለ፤ አገሩን ሁሉ ዞሮ አየ፣ እኔንም አየ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንድሰማው ይሁን አይሁን እንጃ፣ "ለዳባት ሌላ ሰው ይፈለግ" አለ።