ሁለተኛው ፊርማ

የጋሮማ አፍ ከሐሳቡ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ይሄን የአያት ሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ግን ጓደኛው ጌድዮን ነበር።

በ2010 ክረምት ሁለቱ ሲግናል ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይተው ዋሌት ይሠሩ ነበር። ዋሌት ስትባል የኪስ ቦርሳ እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ላይ የምትጫን፣ ብሎክቼይን በሚሉት መረብ ዲጂታል ሳንቲም የምታላልክ ነገር ናት። የነሱዋ ደግሞ ሁለት ፊርማ ካላገኘች ንቅንቅ አትልም፤ አንዱ የጌድዮን፣ አንዱ የጋሮማ። ፊርማው በእስክሪብቶ አይደለም፤ የየራሳቸው ሚስጥራዊ ቁልፍ አላቸው፣ የሚፈርመው እሱ ነው።

«እንደ ጋብቻ ነው» ይላል ጌድዮን። «አንዱ እምቢ ካለ የለም።»

«አንተን ያገባ በጸሎት ብቻ ያልቃል!» ይለዋል ጋሮማ። ጌድዮን ጴንጤ ነው፤ ይስቃል እንጂ አይሳደብም።

የጌድዮን የአጎት ልጅ ለይኩን በመተማ አድርጎ ሱዳን ገብቷል፤ በየጊዜው «ና» እያለ ይጎተጉተዋል። ጌድዮን «ዋሌቷን ሳልጨርስ አልሄድም» ብሎ ነው የቀረው። እናቱ እትዬ አሳየች እንኳ ምን እንደሆነች ሳያውቁ ይጸልዩላት ነበር።

ከዚያ የጋሮማ ስልክ ወድቆ ተሰበረና የአባቱን ተዋሰ። አባቱ አቶ ከበበ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸው ላይ ኮንዶሚኒየም በቀለና፣ አሁን ዘበኛ ሆነው እሱኑ ይጠብቃሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጌድዮን ፊርማ ያልፋል፣ የጋሮማ ይመለሳል። «ፊርማው ልክ አይደለም» ይላል ስክሪኑ። ቁልፉን አውጥተው መልሰው አስገቡ፤ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ወይ ፍንክች!

ጋሮማን ጥርጣሬ ገባው።

«ቁልፌን ቀይረኸዋል አይደል?»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ያንተ ብቻ ለምን ይሠራል? ቁልፉን የሰጠኸኝ አንተ። ብቻህን ልትውጣት ነው!»

«ጋሮ፣ በጌታ ተረጋጋ።»

«ጌታን አትጥራብኝ! ሌባ ነህ። መዝሙር የሚችል ሌባ!»

ጌድዮን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ጃንጥላውን ብቻ ይዞ ወረደ። ድሮ ሲጣሉ ጋሮማ ከመስኮት ውሃ ይደፋበትና ተሳስቀው ይታረቁ ነበር። ያን ቀን ግን መስኮቱን ዘጋው።

በነጋታው ጠዋት ጋሮማ ብቻውን ተጎልቶ ላፕቶፑንና ስልኩን ያያል። የጌድዮን ላፕቶፕ እንደተቆለፈ 8:20 ይላል። የአባቱ ስልክ 2:20።



አቶ ከበበ የስልካቸውን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ነው የሞሉት። ጋሮማ ደግሞ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ አንዱን ወደ አንዱ በሐሳቡ እየመለሰ ስላደገ፣ ዓይኑ ልዩነቱን አያየውም። መረቡ ግን ሐበሻ አይደለም። እያንዳንዱ ፊርማ የተፈረመበትን ሰዓት ይዞ ይሄዳል፤ የጋሮማ ፊርማ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ስለሚደርስ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ «ፊርማው ልክ አይደለም» የሚለውንስ ማን ጻፈው? ራሱ ጋሮማ! ሰንፎ ለሁሉም ስህተት አንድ መልስ ሰጥቶ።

ሰዓቱን አስተካክሎ ፈረመ። አለፈ። እየጮኸ መስኮቱን በረገደው፤ ጌድዮን ታች የቆመ ይመስል።

ደወለ። ዝግ ነው። እናቱ ጋ ደወለ።

«ጎህ ሳይቀድ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ጎንደር ተሳፈረ እኮ» አሉ እትዬ አሳየች። «አንተ አልሸኘኸውም እንዴ ልጄ?»

ላምበረት ሮጦ ደረሰ። ተራ አስከባሪውን «የጎንደሩ አውቶቡስስ ጋሼ?» ቢለው፣ ሰውየው ሳቀ።

«እሱማ ዓባይን ሊሻገር ነው። ጉልበት ካለህ እንደ ጀመርከው ሩጥ!»

ጌድዮን ከመተማ አንዴ ለእናቱ ደወለ። ከዚያ ወዲህ የሰማው የለም። ለይኩንም «እኔ ጋ አልደረሰም» አለ።

ጋሮማ ክፍሏን አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ይመጣና ይፈርማል። «አንድ ፊርማ ይቀራል» ይላል ስክሪኑ፤ ይሄን እንኳ ጋሮማ በትክክል ነው የጻፈው። ሁለተኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልመጣ የመጀመሪያውም ይሰረዛል። ሲሰረዝ እንደገና ይፈርማል።

የእንጦጦ ዝናብ እየገባ ጠረጴዛውን ያረጥበዋል። መስኮቱን ግን አይዘጋም።